ሲስሉ የኖሩ ሰዎች፤ የሼፊልድ መሣሪያ ሠሪዎች የሥራ ትዝታ

ሞረድ የማያውቅ ሰው የለም። አናጢ የመጋዙን ጥርስ የሚያድስበት፣ ብረት ሠሪ ቁልፍ የሚያስተካክልበት፣ ገበሬ መጥረቢያውን የሚስልበት፣ በየሱቁ ተሰቅሎ የሚሸጥ ተራ ዕቃ ነው። ይሁን እንጂ ሌላውን መሣሪያ ሁሉ የሚስለው ይህ መሣሪያ ራሱ በማን እጅ፣ በምን ዐይነት ሥራ ጥርስ እንዳወጣ ጠይቆ የሚያውቅ ሰው፣ በተለይም በእኛ በአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች መካከል፣ ብዙ የሚገኝ አይመስለንም። የምናነበው የኢንዱስትሪ ታሪክ ስለ እንፋሎት ሞተር፣ ስለ ባቡርና ስለ ባንክ በሰፊው ይተርካል፤ መዶሻው፣ መጋዙና ሞረዱ ግን እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረዱ ይመስል ሳይነሡ ይታለፋሉ።

በዚህ ጽሑፍ የእጅ መሣሪያ በመሥራት ስሟ በዓለም ከታወቀው የእንግሊዝ ከተማ፣ ከሼፊልድ፣ የሠራተኞቹን ትዝታ ጥቂቱን ለጓደኞቻችን ለማካፈል አስበናል። ስለ እነዚህ ሰዎች ቀድመው የጻፉት ሐኪሞች፣ የመንግሥት መርማሪዎችና የፖለቲካ ጸሐፊዎች ናቸው። ሐኪሙ ሳንባቸውን፣ መርማሪው ወንጀላቸውን፣ ፖለቲከኛው ጭቆናቸውን ጻፈ፤ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ሠራተኛውን ቁጭ ብሎ የጠየቀው ሰው ግን በብዛት የመጣው ዘግይቶ፣ ሥራው ሊያልቅ ሲል ነው። ሁለቱን ምስክርነቶች ጎን ለጎን አድርገን ስንመለከታቸው አንድ ነገር ጎልቶ ታይቶናል፤ ይኸውም የመሣሪያው ጥራትና የሠራተኛው ጉዳት የመጡት ከአንድ ምንጭ መሆኑ ነው። መለኪያው የሰው አካል ነበር። ጣቱ፣ ዐይኑ፣ ጆሮው፣ የእግሩ መዳፍ ጭምር የሥራ ዕቃ ነበሩ፤ እንደ ማንኛውም የሥራ ዕቃም ሲሠራባቸው ያልቁ ነበር። (ዓ.ም. የሚል ካልተጨመረበት በቀር ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሼፊልድ በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሺር፣ ከኮረብቶች እግር ሥር ያለች ከተማ ናት። ዶን፣ ሺፍ፣ ፖርተር፣ ሎክስሊና ሪቭሊን የሚባሉ አምስት ወንዞች ያልፉባታል። ወንዞቹ ትንንሽ ቢሆኑም ከዳገት ስለሚወርዱ የውሃ መንኰራኵር የማዞር ኀይል አላቸው፤ በአካባቢው ተራሮች ለመሳያ የሚሆን አሸዋማ ድንጋይ ይፈለጣል፤ ለእሳቱም በመጀመሪያ እንጨት፣ በኋላ የድንጋይ ከሰል በቅርብ ይገኛል። የጎደላት ምርጥ ብረት ብቻ ነበር፤ ይህንንም ከስዊድን በመርከብ ታስመጣ ነበር። ቾሰር የተባለው የ14ኛው ክፍለ ዘመን ባለቅኔ ከተረቶቹ በአንዱ የሼፊልድ ቢላዋ የያዘ ሰው ጠቅሷል፤ የቢላዋ ሠሪዎቹ ማኅበርም በ1624 በፓርላማ ሕግ ተቋቁሟል። እንግዲህ ፋብሪካ የሚባለው ነገር ከመታወቁ በፊት ሙያው እዚያ ሥር ሰድዶ ነበር ማለት ነው።

ፋብሪካ ሲባል በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ጌታ ትእዛዝ፣ በደወል የሚገባና በደወል የሚወጣ ብዙ ሠራተኛ በአእምሯችን ይመጣል። የሼፊልድ አሠራር ግን ለብዙ ዘመን እንዲህ አልነበረም። አንድ መጋዝ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት በቀጥቃጩ፣ በሳዩ፣ ጥርስ በሚያወጣው፣ በእሳት በሚያጠነክረውና እጀታ በሚቀርጸው እጅ ያልፋል፤ የእያንዳንዱም ሰው ሙያ ያችው አንዲቷ ብቻ ናት። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ‹‹ሊትል ሜስተር›› ይባሉ ነበር፤ በአገሩ አነጋገር ‹ትንሹ ጌታ› ማለት ነው። ትንሹ ጌታ ከትልቅ ሕንፃ ውስጥ አንድ ጥግና ከመንኰራኵሩ ኀይል ድርሻውን ይከራያል፤ የሥራ ዕቃው የራሱ ነው፤ ቢበዛ አንድ ወይም ሁለት ተለማማጅ ልጅ ይይዛል፤ የሚከፈለውም በሰዓት ሳይሆን ሠርቶ ባስረከበው ቁጥር ነው። ጌታ ነው እንዳይባል ኪራይ የሚያስከፍለውና ሥራ የሚሰጠው ባለሀብት ከበላዩ አለ፤ ሎሌ ነው እንዳይባል ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል። በተለይ ሰኞ ቀን አለመሥራት ልማድ ስለ ነበር ዕለቱን ‹‹ቅዱስ ሰኞ›› ብለው ሰይመውት ነበር። (በዓል አበዛ እየተባለ የሚወቀሰው የእኛ ሕዝብ ብቻ አለመሆኑን ልብ ይሏል።) ሰኞ የጎደለውን ግን በሳምንቱ መጨረሻ እስከ ሌሊት ሠርቶ መሙላት ግድ ነበር።

ከሥራው ሁሉ የሚቀድመው ዐረብ ብረቱን ማቅለጥ ነው። በ1740ዎቹ ቤንጃሚን ሃንትስማን የተባለ ሰዓት ሠሪ ለሰዓቶቹ የሚያስተማምን ሞላ የሚወጣው ብረት ቢያጣ፣ ብረቱን በተከደነ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ፈጽሞ እስኪፈስ ድረስ የማቅለጥን ዘዴ አገኘ። ሲነገር ቀላል ነው። ማሰሮው ግን ከ1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ እሳት ውስጥ ሳይሰነጠቅ መቆየት አለበት፤ ከጭቃው ውስጥ አንዲት ጠጠር ወይም የአየር አረፋ ሳትወጣ ከቀረች ማሰሮው ይሰነጠቅና 25 ኪሎ የሚያህለው ብረት እሳቱ ውስጥ ፈስሶ ይቀራል። ስለዚህ ጭቃው የሚቦካው በባዶ እግር ነበር። አንድ ሰው ለሰዓታት እየተመላለሰ ይረግጠዋል፤ ጠጠሯን የሚያገኛት በእግሩ ጣቶች ነው። በእንፋሎት ዘመንም ቢሆን ለዚህ ሥራ ከሰው እግር የተሻለ መመርመሪያ አልተገኘም። ይህን ያህል የተደከመበት ማሰሮ ደግሞ ከሦስት ጊዜ በላይ አይቀለጥበትም፤ ይጣላል፤ ሌላ ጭቃ ይረገጣል።

ማሰሮውን ከምድጃው ጉድጓድ በረጅም ጉጠት የሚያወጣው ሰው እግሮቹን በውሃ በተነከረ ጆንያ ጠቅልሎ ከነጩ እሳት አፍ ላይ ይቆማል። ከእርሱ በታች ባለው ምድር ቤት ደግሞ አመድ የሚጠርግና የሚላላክ ልጅ አለ። በ1871 የተወለደው ሃሪ ብሬርሊ በ12 ዓመቱ አባቱ በሚያቀልጥበት ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ነበር። ቀጥሎ በኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ጠርሙስ አጣቢ ሆነ፤ ማታ ማታ እየተማረ ኬሚስት ወጣው፤ በ1913 የማይዝገውን ብረት ያስገኘውም እርሱ ነው። በ1941 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ የአባቱን ዓለም ጽፎልናል። የድሮዎቹ አቅላጮች አንድን ብረት ሰብረው የስብራቱን ገጽ በማየት ብቻ ምን ያህል ካርቦን እንዳለበት ይለዩ ነበር። የኬሚስትሪ ተማሪዎች ጓደኞቻችን በዚህ ይስቁ ይሆናል፤ ብሬርሊ ግን ኬሚስት ሆኖም አልሳቀበትም።

አሁን ወደ ሞረዱ እንመለስ። ሞረድ ጥርስ ከማውጣቱ በፊት ተቀጥቅጦ ቅርጽ የያዘ፣ በእሳት የለሰለሰ፣ ተስሎም ገጹ የጠራ ብረት ነው። ጥርስ አውጪው ከአንድ ድንጋይ ላይ ከተተከለ ትንሽ መስፍ ፊት ይቀመጣል። ብረቱን በቆዳ ጠፍር ይይዘውና የጠፍሩን ሁለት ጫፍ እንደ እርካብ በእግሮቹ ይረግጠዋል። በግራ እጁ አጭር መሮ፣ በቀኙ መዶሻ ይዟል። መሮውን ጥቂት ዘንበል አድርጎ አንድ ጊዜ ይመታል፤ መሮው ብረቱን ሰንጥቆ በአጠገቡ ቀጭን ክምር ያነሣል፤ ያ አንድ ጥርስ ነው። ቀጥሎስ የሁለተኛውን ጥርስ ቦታ በምን ያውቃል? ማስመሪያ የለውም፤ ምልክት አላደረገም። መሮውን ለስላሳው ገጽ ላይ አድርጎ አሁን ወዳነሣው ክምር ያንሸራትተዋል፤ መሮው ከክምሩ ጋር ሲነካካ ጣቱ ይሰማዋል፤ እዚያው ላይ ይመታል። እንዲህ እያለ እስከ ጫፉ ይሄዳል፤ ከዚያም በሌላ አቅጣጫ እንደ ገና ያቋርጠዋል፤ ገልብጦም ሌላውን ገጽ ይጀምራል። ለአንድ ደቃቅ ሞረድ ስንት ጊዜ መምታት እንደሚያስፈልግ አንባቢ ይገምት። ለትልልቁ ሞረድ መዶሻው ሦስት አራት ኪሎ ይመዝናል፤ ለደቃቁ ደግሞ የሕፃን መጫወቻ ያህል ይቀልላል። ዐይን የሚያገለግለው እምብዛም ነው፤ ሥራው የጣት ነው።

ሁለተኛው ገጽ ሲመታ ግን የመጀመሪያው ገጽ ጥርሶች በጠንካራው መስፍ ላይ ተጨፍልቀው እንዳይጠፉ ከሥር የሚነጠፍ ለስላሳ ነገር ያስፈልጋል። የሚነጠፈውም እርሳስ ነበር። ዕለቱን ሙሉ ሲመታ ከእርሳሱ ደቃቅ ብናኝ ይነሣል፤ ሠራተኛውም መሮው እንዳያንሸራትተው አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን በምላሱ የማራስ ልማድ ነበረው። በዚህ ዐይነት እርሳሱን ሲተነፍሰውና ሲውጠው ይኖራል። መጀመሪያ የሆድ ቁርጠት ይመጣል፤ ድዱ ላይ ሰማያዊ መስመር ይታያል፤ ውሎ አድሮም የእጅ ጅማቶቹ ይሰንፉና እጁ ከአንጓው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እዚህ ላይ ቆም ብለን እንድናስብ የሚያስገድድ ነገር አለ። የዚህ ሰው ሀብቱ ክምሩን የሚሰማው ጣቱ ነበር፤ ሥራው ቀስ በቀስ የሚወስድበትም ያንኑ እጅ ነው። ሥራው በወንዶች ብቻ አልተወሰነም። ከከተማው ወጣ ብለው ባሉት እንደ ኤክልስፊልድና ግሬኖሳይድ ባሉ መንደሮች ሴቶችና ልጆች ከቤታቸው ጓሮ ባለች ጠባብ ጎጆ ተቀምጠው ሞረድ ይመቱ ነበር፤ ምግቡም በዚያው አጠገብ ይበላ ነበር።

ጥርስ ያወጣው ሞረድ ገና ለስላሳ ስለሆነ መጠንከር አለበት። እሳቱ ጥርሱን እንዳያበላሽበት ጨውና ዱቄት ያለበት ቡኮ ይቀባል፤ በቀለጠ እርሳስ ውስጥ እስኪቀላ ይሞቃል፤ ወዲያው በጨው ውሃ ይነከራል። ብረቱ በዚህ ጊዜ ይጣመማል። ፈጽሞ ከቀዘቀዘ ይሰበራል እንጂ አይቃናም፤ ስለዚህ ሠራተኛው ሙቀቱ ሳያልቅ በጥቂት ቅጽበት ውስጥ ማቃናት ይኖርበታል። በመጨረሻም ሞረዱን በብረት መታ ያደርገዋል፤ ጤነኛው እንደ ቃጭል ይጮኻል፣ ስንጥቅ ያለበት ግን ድምፁ ይታፈናል። መጋዝና መሮ ደግሞ እንደ ሞረድ ደረቅ ሆነው ከቀሩ ስለሚሰበሩ እንደ ገና በመጠኑ ይሞቃሉ። ያን ጊዜ በጠራው ብረት ገጽ ላይ ቀለም ይመጣል፤ በመጀመሪያ እንደ ጭድ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ ወደ 300 ዲግሪ ሲጠጋም ሰማያዊ። መሮው በጭድ ቀለም ላይ፣ እንደ ሞላ መተጣጠፍ ያለበት መጋዝ ግን ወደ ሰማያዊ ሲጠጋ ይቆማል። ቴርሞሜትር የሌለበት ቤት በቀለም ይነበብ ነበር ማለት ነው።

በአማርኛችን ‹መሳል› የሚለው ቃል ቢላዋ ማሳልንም፣ ከደረት የሚወጣውንም ሳል ያመለክታል። በሼፊልድ ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሰው ላይ ይገናኙ ነበር።

ሳዩ የሚቀመጥበትን የእንጨት ኮርቻ ‹‹ፈረስ›› ይሉታል። በፊቱ የሚሽከረከር ድንጋይ አለ፤ ለመጋዝ የሚሆነው ድንጋይ የሰው ቁመት የሚያህል ነበር። ሰውየው ክርኑን ከጉልበቱ አስደግፎ፣ ደረቱን ከድንጋዩ ላይ አጎንብሶ፣ ብረቱን በክብደቱ ይጫነዋል። ሥራው ማብረቅ ብቻ አይምሰለን። ጥሩ መጋዝ ከጥርሱ በኩል ወፈር፣ ከጀርባው በኩል ሳሳ ያለ መሆን አለበት፤ አለዚያ በእንጨቱ ውስጥ ይነከሳል። ይህን እጅግ ጥቂት ልዩነት ሳዩ ያወጣው የነበረው በእጁ ጫና፣ በድንጋዩ ድምፅና በሚወጣው የእሳት ብልጭታ ነው። ከድንጋዩና ከብረቱ የሚወጣው ጭቃ ልብሱን፣ ፊቱን፣ የቤቱንም ግድግዳ ሁሉ ቢጫ ስለሚያደርገው የሳዮች መንደር በቀለሙ ይታወቅ ነበር። ድንጋዩ አንዳንድ ጊዜ በሽክርክሪቱ መካከል ለሁለት ይከፈልና ሰውየውን ከነፈረሱ ይወረውረዋል። ይህ ሞት ድንገተኛ ስለ ነበረ ሁሉም ይፈራው ነበር፤ ብዙ ሰው የገደለው ግን ቀስ ብሎ የሚመጣው ነው።

አሸዋማው ድንጋይ ሲፈጭ የሚወጣው ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ዛሬ በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል፤ በዚያን ጊዜ ‹‹የሳዮች አስም›› ይሉት ነበር። መጋዝና ሞረድ የሚስሉት ድንጋዩን በውሃ እያራሱ ስለ ነበር ጥቂት ይሻላቸዋል፤ ሹካ የሚስሉት ግን በደረቁ ነው። አርኖልድ ናይት የተባለው የሼፊልድ ሐኪም የዘገበውንና ፍሪድሪክ ኤንግልስ በ1845 ባሳተመው መጽሐፍ የጠቀሰውን ብናይ፣ በደረቅ ድንጋይ የሚስሉት በአማካይ 35 ዓመት መድረስ ይቸግራቸው ነበር፤ በውሃ የሚስሉትም ከ45 የሚያልፉት በጭንቅ ነው። በውሃ የሚስሉትም ቢሆኑ አዲስ ድንጋይ በተከሉ ቁጥር ድንጋዩ የሚስተካከለው በደረቁ ስለ ነበረ ከብናኙ አያመልጡም ነበር።

ታዲያ መከላከያ አልተፈለገምን? ተፈልጓል። በ1820ዎቹ መጀመሪያ አብርሃም የተባለ የሼፊልድ ሰው የብረት ብናኝን በማግኔት የሚስብ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ዛሬ በምናውቀው ስንመዝነው ከግማሽ መንገድ የቀረ ፈጠራ ነው፤ ሳንባን የሚያጠፋው የድንጋዩ ብናኝ ነው፣ ድንጋይን ደግሞ ማግኔት አይስብም። በኋላ ብናኙን በጠቅላላ ጠርጎ የሚወስድ ማራገቢያ መጣ። የሚያስደንቀው ነገር ብዙዎቹ ሳዮች እርሱንም አለመፈለጋቸው ነው። ዘመኑ ያቆየልን ምክንያታቸው አጥንት የሚሰብር ነው፤ ሳዮች ዕድሜያቸው ቢረዝም ቁጥራቸው ይበዛል፣ ቁጥራቸው ቢበዛ የሥራው ዋጋ ይወርዳል አሉ። የሚጠጣውና ቶሎ የሚሞተው ባልደረባ ለቀሩት ጥሩ ነው እስከማለት የደረሱም ነበሩ።

ይህን የሚያነብ ተማሪ ‹‹እንዴት ያለ ድንቁርና ነው›› ብሎ ሊያልፍ ይችላል። እኛ ግን ድንቁርና ሆኖ አልታየንም። በቁጥር የሚከፈለው፣ ለማራገቢያው ወጪ ከራሱ ኪስ እንዲያወጣ የሚጠየቀው፣ ከታመመም የሚደግፈው የሌለው ሰው ያደረገው ሒሳብ ነው። ሒሳቡ ልክ ነበር፤ የተበላሸው ጥያቄውን ያቀረበለት ሥርዐት ነው። ሞታቸውን ያውቁ እንደ ነበረ መዘንጋትም አይገባም። ሐኪሙ ሊነግራቸው የመጣው እነርሱ አባታቸውን ሲቀብሩ የተማሩትን ነው።

የሳዮቹን የሠራተኛ ማኅበር ታሪክም ከዚህ ለይቶ ማየት አይቻልም። የማኅበሩ ዋና ደንብ ተለማማጆች እንዳይበዙ መከልከል ነበር። መዋጮውን ያልከፈለ ወይም ደንቡን የጣሰ ሰው ጠዋት ሲመጣ ድንጋዩን የሚያዞርለት የቆዳ ቺንጋ ተሰርቆ ያገኘዋል፤ ዕዳውን እስኪከፍል ድረስም አይመለስለትም። በዚህ ያልተመለሰው ባሩድ ይጠብቀዋል። በጥቅምት 1866 የማኅበሩን ትእዛዝ አልቀበልም ያለ የአንድ መጋዝ ሳይ ቤት በባሩድ ፈነዳ። መንግሥት በ1867 መርማሪዎች ልኮ፣ እውነቱን የተናገረ ሰው እንደማይከሰስ ዋስትና ሰጥቶ ምስክር ሰማ። የመጋዝ ሳዮች ማኅበር ጸሐፊ የነበረው ዊልያም ብሮድሄድም ቀርቦ በ1859 ጄምስ ሊንሊ የተባለውን መጋዝ ሳይ ያስተኮሰበት፣ ገንዘቡንም የከፈለው እርሱ መሆኑን ተናዘዘ። ሊንሊ ወራት ያህል ታሞ ሞቷል፤ ጥፋቱም ከደንቡ በላይ ብዙ ተለማማጆች መያዙ ነበር። እንግሊዝ በሙሉ ተናወጠች። ይሁን እንጂ ከዚህ ምርመራ በኋላ የሠራተኛ ማኅበራት በሕግ የሚታወቁበት መንገድ ተፈለገና የ1871 ሕግ ወጣ። እኛ የማኅበር አባላት የሆንን ተማሪዎች ብሮድሄድን ልናሞግሰው አንችልም፤ የገደለው ባለሀብት ሳይሆን ባልደረባውን ነውና። ነገር ግን የማኅበሩ ገንዘብ በሕግ ጥበቃ ባልነበረበት፣ ዕዳ ያለበትንም በዳኛ ፊት ማስከፈል በማይቻልበት ዘመን ቺንጋ መስረቅ እንደ ፍርድ ቤት ሆኖ ማገልገሉን ሳይናገሩ ማለፍም ግማሽ ታሪክ ነው።

የሞረድ ጥርስ በመኪና የማውጣት ሐሳብ ብዙ ጊዜ ተሞክሮ ነበር። ዊልያም ኒኮልሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1864 በሮድ አይላንድ ኩባንያውን ሲያቋቁም ነገሩ ተሳካ። መጀመሪያ ላይ የመኪናው ሞረድ ይናቅ ነበር፤ ምክንያቱም ጥርሶቹ ፍጹም እኩል በሆነ ርቀት ስለሚቆሙ ብረት ላይ ሲሄድ ይንቀጠቀጣል፣ መስመርም ይጥላል። የእጁ ሞረድ ግን ጣት ያስቀመጠው ስለሆነ ጥርሶቹ በጣም ጥቂት ይለያያሉ፤ በዚህም ያለ መንቀጥቀጥ ይቆርጣል። ኒኮልሰን ያደረገው ምንድን ነው? መኪናው ጥርሶቹን ሆን ብሎ በመጠኑ እያለያየ እንዲያስቀምጥ አደረገው። ስለ መኪና ዘመን ካነበብነው ሁሉ ይህን ያህል ያስደሰተን የለም። መኪናው የሰውን እጅ ያሸነፈው የእጁን ጉድለት ከቀዳ በኋላ ነው፤ ጉድለት ሲባል የቆየው ደግሞ ዕውቀት ነበር።

መኪናው ሞረድ መቺውን ከእርሳሱ አዳነው፤ ሥራውንም ወሰደበት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በአሸዋማው ድንጋይ ፋንታ በፋብሪካ የሚሠራ መሳያ ጎማ ተተካ፤ በ1920ዎቹ መንግሥት ጉዳዩን አስመርምሮ ደንብ ካወጣ በኋላ ሳዮች ከአባቶቻቸው የበለጠ መኖር ጀመሩ። ትንንሾቹ ጌቶች ቀስ በቀስ ወደ ትልልቅ ኩባንያዎች ገቡ ወይም ጠፉ። ቢላዋና ማንኪያ የሚያብረቀርቁት ሴቶች ግን ራሳቸውን በሻሽ፣ ሰውነታቸውን በወረቀትና በጋዜጣ ጠቅልለው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በዚያው ዐቧራ ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ በሼፊልድ ሲወራላቸው በዘፈናቸውና በቀልዳቸው ነው። ትዝታ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ሳቁን አስቀድሞ ይነግረናል። አብይዴል በተባለው ስፍራ ረጅም እጀታ ያለው የሣር ማጭድ የሚሠራበት ቤት በ1933 ሥራ አቆመ፤ የማቅለጫ ምድጃው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንደ ገና ነደደ፤ በ1970 ሙዚየም ሆነ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የቀሩትም አብዛኞቹ ተዘጉ። ትልቅ የብረት ፋብሪካ በነበረበት ቦታ በ1990 ሜዶውሆል የሚባል የገበያ አዳራሽ ተከፍቷል።

በዚህ ጊዜ ኬን ሃውሊ የተባለ የመሣሪያ ነጋዴ (1927–2014) ማንም ያላሰበውን ሥራ ያዘ። ፋብሪካ ሲዘጋ እየሄደ ያለቀለትን መሣሪያ ብቻ ሳይሆን በግማሽ የቀረውን፣ የተበላሸውን፣ የዋጋ ዝርዝሩን ጭምር ይሰበስባል፤ ሽማግሌዎቹን ሲሠሩ ፊልም ያነሣቸዋል፤ ይጠይቃቸዋል። ስብስቡ አሁን በሼፊልድ በኬልሃም አይላንድ ሙዚየም ይገኛል። እኛን የሳበን በግማሽ የቀረው ዕቃ ነው። ያለቀ መሮ ስለ ሠሪው አይናገርም። በየደረጃው የቆመ መሮ ግን፣ መጀመሪያ ተራ ዘንግ፣ ቀጥሎ የተቀጠቀጠ፣ ከዚያ የተሳለ፣ እያንዳንዱን ሰው በተራው ያሳየናል።

ሥራውም ፈጽሞ አልሞተም። መቀስ ሲሠራ ሁለቱን ስለት የሚያጋጥም ባለሙያ አለ። ስለቶቹ ቀጥ ያሉ ከሆኑ መቀሱ አይቆርጥም፤ በጣም ጥቂት ጎበጥ ብለው፣ ሲከደኑ በአንድ ነጥብ ብቻ እየተነካኩ ነጥቡ ከሥር እስከ ጫፍ መሄድ አለበት። ባለሙያው በመዶሻ መታ መታ እያደረገ፣ እየከፈተና እየዘጋ ድምፁን እያዳመጠ ያስተካክለዋል። በ2014 ይህን ሥራ የሚያሳይ አጭር ፊልም ወጥቶ በዓለም ታየ። በ2018 ያው የመቀስ ቤት ከሰረ፤ ከኔዘርላንድ የመጡ ሁለት ሰዎች ገዝተው ሲከፍቱት ግን በመጀመሪያ ያደረጉት ሽማግሌዎቹን ባለሙያዎች መልሶ መጥራት ነበር። ሕንፃውና መኪናው ተሸጦ ይገዛል፤ ጆሮው ግን ከእነርሱ ጋር ወደ ቤት ሄዶ ነበር።

በአገራችን ቀጥቃጩ ማረሻውንና ማጭዱን እየሠራ ‹ጠይብ›፣ ‹ቡዳ› ሲባል ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በእጅ ሥራው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ። በጎንደር በሙያቸው የታወቁት የቤተ እስራኤል ቀጥቃጮች ከወገኖቻቸው ጋር በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎችና ከዚያም ወዲህ ወደ እስራኤል ሄደዋል። የቀሩት ባለሙያዎች በየገበያው ዳር፣ አሮጌ የመኪና ሞላ እየቀጠቀጡ አሁንም ይሠራሉ። በመጪው ክረምት ወደየአገር ቤታችን ስንሄድ ከእኛ መካከል ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ደብተር ይዞ አንድ ቀጥቃጭ ዘንድ እንዲቀመጥ እንጠይቃለን። ስለ ደስታና ስለ ችግር በጠቅላላው መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም። ይልቅስ፦ ወናፍ መንፋት የጀመሩት ስንት ዓመት ሲሆንዎ ነው? ብረቱ መድረሱን በምን ቀለም ያውቃሉ? ውሃ የሚያጠጡት የትኛውን ጫፍ፣ ስንት ጊዜ ቆጥረው ነው? ስንጥቅ እንዳለበት መዶሻው ይነግርዎታል ወይ? ዐይንዎስ እንዴት ነው፣ ደረትዎስ? ለልጅዎ ሲያስተምሩት የትኛውን በቃል ነገሩት፣ የትኛውን ዝም ብለው አሳዩት?